እትዬ ሙሉነሽ ያመጡልኝ አባት

ይህ ነገር ሲያጋጥመኝ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሁን ሃያ ሁለት ሞልቶኛል። በየዓመቱ ነሐሴ ገብቶ ሮም ጭር ስትል፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ጥርቅም አድርጎ ሕዝቡ ወደ ባሕር ሲነጉድ፣ እኔ እትዬ ሙሉነሽን አስባለሁ። ሌላው ሰው ስለ ሙቀቱ ሲያማርር እኔ ብቻዬን እስቃለሁ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ስወለድ ሴት ናት ተባልኩ። በሴት ስም ተጠርቼ፣ ቀሚስ ለብሼ፣ ሹሩባ ተሠርቼ አደግኩ። እኔ ግን ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ወንድ እንደሆንኩ አውቃለሁ። እዚህ አገር ትራንስ ይሉናል። በአማርኛ የሚጥመኝ ቃል ስላላገኘሁለት እንዲሁ ናሆም በሉኝ፤ ስሜ ይኸው ነው። የድሮ ስሜን አልጽፈውም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

አዲስ አበባ በተወለድኩበት ሰፈር ደንብ ወንድ ሲወለድ ሰባት ጊዜ፣ ሴት ስትወለድ ሦስት ጊዜ እልል ይባላል። ለእኔ ሦስት ተብሎልኛል። እናቴ ይህን ያጫወተችኝ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው። አራት እልልታ የተቀማሁ መስሎ ተሰማኝና አኩርፌ ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። ለምን እንዳኮረፍኩ የገባው ሰው አልነበረም።

እልል ያሉት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። የእናቴ ጎረቤት ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት ሮም ገብተው በሰው ቤት ይሠራሉ። እኔ በተወለድኩ ሰሞን የሚያስታምሟቸው አሮጊት ሞተውባቸው ሌላ ሥራ እስኪያገኙ አገር ቤት ገብተው ነበር። ክርስትና ያነሱኝም እሳቸው ናቸው። አባቴ እኔ ሳልወለድ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እናቴ አዜብም አራት ዓመት ሲሞላኝ ለአክስቴ ትታኝ ሮም መጣች። ሥራ ያስገቧት፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ፔርሜሶዋን፣ ለማስጨረስ ከቢሮ ቢሮ አብረዋት የተንከራተቱት እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። በዘጠኝ ዓመቴ እኔም ስመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ቆመው የጠበቁኝ ሁለት ሰዎች እናቴና እሳቸው ነበሩ። በዚህ ከተማ ከእናቴ ሌላ ዘመድ የምለው ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ቡሄ ሲመጣ ይከፋኝ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ዳቦ ሲሰበስቡ አንድ ዓመት እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ። ብዙም ሳንሄድ አባረሩኝ። «ሴት ሆያ ሆዬ አትልም! እንቁጣጣሽ ሲመጣ አበባየሆሽ በይ!» አሉኝ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ደግሞ አክስቴ ነጭ ቀሚስ አልብሳ፣ አደይ አበባ አስይዛ ከልጃገረዶቹ ጋር ልትልከኝ ስትል አልጋ ሥር ገብቼ አልወጣም አልኩ። ከሁለቱም ጨዋታ ውጭ ሆንኩ። ልጅነቴ ባጭሩ ይኼ ነው።

ለእናቴ የነገርኳት አስራ አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ሰንብታ ሰንብታ ታለቅስ ነበር። ትምህርት ቤት ያለችውን የሥነ ልቦና ባለሙያም ሄዳ አነጋገረች። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከገበያ የወንድ ሸሚዝ ገዝታልኝ መጣች። ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ሸፈናቸው።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ታድግበታለህ» አለችና እራት ልትሠራ ገባች።

ስለ እናቴ ሌላም ብዙ ማለት እችላለሁ። ግን ያቺ «ታድግበታለህ» ያለችኝ አንዲት ቃል ትበቃለች። አንድ ነገር ብቻ አልደፈረችም። «ለእትዬ ሙሉነሽ እኔ አልነግራቸውም። አፌ እሺ አይለኝም» አለች።

አልፈረድኩባትም። እትዬ ሙሉነሽን የማይፈራ አበሻ ሮም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቀጭን ናቸው፣ ሲራመዱ ወጣት አይደርስባቸውም፣ ጾም አያጎድሉም፣ ሥርዓት አይስቱም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጠላውን አዛብቶ የለበሰ ሰው ካዩ ሳይናገሩ በዓይናቸው ብቻ ያስተካክሉታል። የሚሠሩት አንዲት ሲኞራ የሚሏቸው ሀብታም ጣሊያናዊት ቤት ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደ ሰው ቤት ሠራተኛ ሁሉ ዕረፍታቸው ስለሆነ በየሳምንቱ ምሳ የሚበሉት እኛ ቤት ነበር።

አንድ ሐሙስ ትልቅ ፌስታል ይዘው መጡ። ሰው ልከው ከአዲስ አበባ ያስመጡት፣ ደረቱ በሙሉ በጥልፍ ያጌጠ የአበሻ ቀሚስ ነው። ለአንድ ዘመዳቸው ሠርግ እንድለብሰው ነበር።

«በይ ተነሺ፣ ለኪው» አሉኝ።

ቀሚሱን አየሁት። እውነት ለመናገር ያምራል። እንዲያውም በማማሩ ነው የጨነቀኝ፤ ቢያስጠላ ሰበብ አላጣም ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ይህን መልበስ አልችልም።»

«ለምን? ሳትለኪው ጠበበሽ?»

«አልጠበበኝም። እኔ ወንድ ነኝ።»

እናቴ ማድቤት ገብታ ቧንቧ ከፈተች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። እኔ ያለችኝን አማርኛ ሁሉ አሟጥጬ አስረዳሁ። እትዬ ሙሉነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እናትሽ ታውቃለች?» አሉ።

«ታውቃለች።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«ያውቃሉ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው የመጨረሻዋ እኔ ነኛ!»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ቀሚሱን እጥፍ እጥፍ አድርገው ፌስታላቸው ውስጥ መለሱት። ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ወንድ ከሆንክ እኔ የክርስትና እናትህ ልሆን አልችልም። ወንድን ክርስትና የሚያነሳው ወንድ ነው።» ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። እናቴ ሜትሮ ባቡሩ ድረስ ልሸኝዎት ብላ ብትከተላቸው በእጃቸው መለሷት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያቺ ቃል እኛ ቤት ገብታ ተቀመጠች። እናቴ ስልክ ትደውላለች፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ሐሙስ በደረሰ ቁጥር ልማድ ሆኖባት ሦስት ሰሃን ታወጣና አንዱን ትመልሳለች። እናቴን ከብቸኛ ዘመዷ የለየኋት እኔ ነኝ ብዬ ስለማስብ እንቅልፍ ራቀኝ።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «እማዬ፣ ቀሚሱን ልልበሰው። ለሠርጉ ብቻ። እንዲመለሱልሽ» አልኳት።

ትተኩስ የነበረውን ልብስ ትታ አየችኝ።

«እሳቸው ከቀሩ ይቅሩብኝ። አንተ አትቅርብኝ እንጂ» አለች። ካውያዋን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች።

ሰኔ ሲገባ ደግሞ የባሰ ወሬ መጣ። አበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ የአበሻ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ለእናቴ ሹክ አለቻት። እትዬ ሙሉነሽ ሐሙስ ሐሙስ ከአንዱ ካፌ ወደ ሌላው እየዞሩ፣ የኛን ስም እየጠሩ፣ ከወንዶች ጋር ይነጋገራሉ። ከአንዱ ጋርማ እየተጯጯሁ ሰው ገላግሏቸዋል።

ክው አልኩ። ጉዳዬን ለአደባባይ አወጡት ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእናቴና ከትምህርት ቤት በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ አበሻ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። በትልቁ ባቡር ጣቢያ፣ በተርሚኒ በኩል ማለፍ ተውኩ። ቤተ ክርስቲያንም ቀረሁ። እናቴም እኔን ብቻዬን ላለመተው ቀረች። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ጊዜ እትዬ ሙሉነሽን ጠልቻቸው ነበር።

ነሐሴ ገባ። የጣሊያኖቹ የበጋ በዓል ፌራጎስቶ አልፎ ከተማው ባዶ ሆነ። ከአናኚና የሜትሮ ጣቢያ ብዙ በማይርቀው ሰፈራችን ድመት እንኳ ከጥላ አይወጣም። ቡሄ መሆኑን ማለዳ ላይ አስታውሼ ወዲያው ረስቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። መነጋገሪያውን አነሳሁት።

«ሊፍታችሁ ዛሬም ተበላሽቷል። ወርደህ ዕቃ ተቀበለን» አለ የእትዬ ሙሉነሽ ድምፅ።

እናቴን አየኋት። እሷም አየችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እትዬ ሙሉነሽ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ትልቅ ዘንቢል ይዘው፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው አንድ ረጅም ሽማግሌ አሉ። የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል፤ ትከሻቸው ላይ የተጠቀለለ ገመድ አንጠልጥለዋል። በዓይን አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ተሾመ ይባላሉ። ቲቡርቲና አካባቢ ነዳጅ ማደያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ናቸው። ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ቤት ስንገባ እናቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች።

«አዜብ፣ ቆመሽ አትይኝ፣ ተቀመጪ» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «ይህ ልጅ የክርስትና አባት የለውም። ወንድ ልጅ ያለ ክርስትና አባት አይሆንም። እኔ ደግሞ ሥርዓት አላፈርስም። ስለዚህ አምጥቻለሁ። ጠባዩ ደህና ነው፣ ትንሽ ያኮርፋል።»

ጋሽ ተሾመ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እትዬ ሙሉነሽ ዘንቢሉን ፈቱት። ሙልሙል ነው። ሲኞራዋ ከልጃቸው ጋር ባሕር ሲሄዱ በባዶ ቤት፣ በዚያ ሙቀት፣ የሲኞራዋን መጋገሪያ ፎርኖ አንድደው ሲጋግሩ አድረዋል። የቡሄ ደንቡ የክርስትና ወላጅ ለክርስትና ልጁ ሙልሙል መስጠት ነው። ዳቦውን ለእኔ አልሰጡኝም። ለጋሽ ተሾመ አቀበሏቸው። ጋሽ ተሾመ ተነስተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ።

እናቴ አለቀሰች።

«ምን ያስለቅስሻል? ሳይደርቅ ብሉት» አሉና እትዬ ሙሉነሽ ማድቤታችንን ሊያስተካክሉ ገቡ። ገና ሳይገቡ ድስቶቹ ቦታቸውን እንደሳቱ መናገር ጀምረዋል።

እሳቸው ማድቤት ሳሉ ነው ጋሽ ተሾመ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የነገሩን። «ያን ቀን በንዴት ነው የተናገረችው። ሜትሮ ውስጥ ስታለቅስ ሰው አይቷታል። ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን ‹ንዴቱ የኔ ነው፣ ነገሩ ግን እውነት ነው፤ አባት ያስፈልገዋል› አለች። ከዚያ ወዲህ አባቱን ሳላገኝ ስልክም አላነሳም ብላ፣ ሐሙስ ዕረፍት የላትም። ያልጠየቀችው ሰው የለም። አንዱ ሳቀባት፤ የጋበዛትን ማኪያቶ ሳትነካው ተነስታ ሄደች። አንዱ ጥቅስ ጠቀሰባት፤ ‹ጥቅስ ከሆነ እኔም አላንስህም› ብላ ካፌውን አናወጠችው።»

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የተሰማው ጩኸት ይኼ ነበር። እኔ ስሜን ሲያጠፉ የመሰለኝ ጊዜ ሁሉ አባት እየለመኑልኝ ነበር።

«እኔም እምቢ ብያት ነበር» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ነገሩ አይገባኝም አልኳት። ‹እንዲገባህ አልጠየቅኩህም። ሦስቱ ሴቶች ልጆችህስ መቼ ገብተውህ ያውቃሉ? አባት መሆን ግን አላቃተህም› አለችኝ። እሺ አልኩና መጣሁ።»

እናቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ተሾመ ግን የምራቸውን ነበር።

እትዬ ሙሉነሽ ሲመለሱ ደፈር ብዬ የክርስትና ስሜስ እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። ፊታቸውን አጠቆሩ። «እሱን አልነካውም። እሱ የእግዜርና የቄሱ ጉዳይ ነው። እኔ የምችለውን ነው የማደርገው። ደግሞ ሁሉም ነገር ገብቷት ነው የመጣችው ብለህ እንዳታስብ። ብዙው አልገባኝም። በጸሎት ይዤዋለሁ።»

«እሺ» አልኩ። እስከ ዛሬም ይህን መልሳቸውን አከብረዋለሁ። ያልሆኑትን ሆኜ ልታይ አላሉም።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን ነበር። «ታዲያ እትዬ፣ ከእንግዲህ እርስዎ ምኔ ነዎት?» አልኳቸው። ጠይቄ ስጨርስ መልሱን ፈራሁት። ከቀሚሱ ቀን ጀምሮ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ለልጅ አባት ፍለጋ ፀሐይ ለፀሐይ የምትንከራተት ማን ናት?» አሉ። «እናት ናታ! አዜብ አትቀየመኝ እንጂ።»

እናቴ የምትቀየም አልመሰለችም።

ፀሐይ በረድ ሲል ጋሽ ተሾመ ገመዳቸውን አንስተው «በል ተነሳ» አሉኝ። ለካ ገመዱ ጅራፍ ነው። በልጅነታቸው ከልጥ ይገምዱት ነበር፤ ሮም ልጥ ከየት ይመጣል? የልብስ ማስጫ ገመድ ገዝተው ሰገነታቸው ላይ ተቀምጠው ገምደውታል። አራታችን የጥንት የውሃ ድልድዮች ወዳሉበት መናፈሻ ሄድን። ሣሩ በሐሩር ተቃጥሎ ገለባ ሆኗል። ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ተሾመ አንድ ጊዜ ከራሳቸው በላይ አዙረው አጮኹት። ድልድዮቹ አስተጋቡ። ውሾቹ ተበታተኑ። ባርኔጣቸው ወደቀ። እኒያ ዝምተኛ ሰው እንደ ልጅ ሳቁ።

ተረኛው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የገዛ ጆሮዬን ገረፍኩ። ቀጥዬ ቁርጭምጭሚቴን። «ክንድህን አይደለም፣ አንጓህን!» ይሉኛል ጋሽ ተሾመ። እናቴ «ዓይኑን እንዳያጠፋው!» እያለች ትጮኻለች። እትዬ ሙሉነሽ በአንድ በኩል ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጥለው «ተዪው፣ ይልመድ!» ይሏታል። ጋሽ ተሾመ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ «አይዞህ፣ ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት!» አሉኝ። በዚያ ሐሩር መሃል ክረምት ሲጠሩ መሳቄ አልቀረም። ነገሩ ግን ገባኝ።

ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አላስታውስም። ክንዴ ዝሎ ልተወው ስል ገመዱ አየር ላይ ተሰነጠቀ። ጯ! ድምፁ ከድልድዩ ተላትሞ ተመለሰ። እኔ ራሴ ደንግጬ ቆምኩ።

እትዬ ሙሉነሽ ወደ እኔ መጡ። «ስትወለድ እልል ያልኩልህ እኔ ነኝ። ለካ አጉድዬብሃለሁ» አሉ።

ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ውሾቻቸውን ይዘው ቆሙ። ደግመው እልል አሉ። በሦስተኛው እናቴ አብራቸው እልል አለች። በአራተኛው ድምፃቸው በእንባ ተቆረጠ፤ እናቴ ጨረሰችላቸው። አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ምንም ሳይገባው አጨበጨበልን።

አራት ነበር። ቆጥሬዋለሁ።

ዛሬ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሬ በሙያዬ እየሠራሁ ነው። ያቺ ሸሚዝ ልኬ ሆና፣ ጠባኝ፣ ተቀድዳለች። እናቴ ሐሙስ አራት ሰሃን ታወጣለች። ጋሽ ተሾመ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ቡሄ ሲመጣ መናፈሻው ድረስ ደግፌ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ያን ባለ ጥልፍ ቀሚስ የጋሽ ተሾመ ትንሿ ልጅ ለብሳዋለች። እጅግ ያምርባታል።

ከዚያ ወዲህ ነገሬ ወዲያው የሚገባቸው ብዙ ደግ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሐኪሞች፣ አስተማሪዎች፣ ጓደኞች። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። እንደ እትዬ ሙሉነሽ ግን የማደንቀው የለም። ሰው እስኪገባው ይጠብቃል። እሳቸው ሳይገባቸው ተነስተው አባት ሊፈልጉልኝ ወጡ።